ምዕራፍ 7፦ ሃያ ሦስት ዓመት በአንዲት ሴት ባሕርይ ውስጥ

ስለ ተውኔት የሚያወሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ስሙ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን፥ መጋረጃ ሲገለጥ ሕዝብ የሚያጨበጭብለትን፥ ፎቶግራፉ በጋዜጣ ፊት የሚወጣውን ዋና ተዋናይ ነው እንጂ፥ በዚያው ትዕይንት በር ከፍቶ የሚገባውን ጎረቤት፥ ሒሳብ የምትቀበለውን ባለሱቅ፥ ወለል እየወለወለች የሰው ወሬ የምታዳምጠውን ሴት አይደለም። ነገር ግን ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ይልቁንም ዘመን ካለፈ በኋላ፥ በልቡናው ተቀርጾ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እነዚህኑ ነው፤ የመልክ ውበት ወይም የነገሥታት ልብስ ሳያግዛቸው፥ በአነጋገርና በአካሄድ፥ በእጅ አጣጣልና በዓይን አመለካከት ብቻ አንድን የተለየ ሰው፥ ሌላ ማንም ሊሆን የማይችለውን ሰው፥ ፈጥረው የሚያሳዩ ናቸውና። ይህ ምዕራፍ የእነዚህ ተዋንያን ሙያ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ ለመመርመር የተጻፈ ሲሆን፥ ለምርመራውም የመረጥሁት የእንግሊዛዊቷን ተዋናይት የወይዘሪት ጂን አሌግዛንደርን የሥራ ዘመን ነው። ዓመታቱ ሁሉ የሚጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመድረክ ተውኔት ተዋናዩ የሚሠራበት ቁስ ሁለት ነው፥ ቃልና ሰውነት፤ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የአንድን ሰው ዕድል ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው አሳይቶ መጋረጃው ይዘጋል፥ በማግሥቱም ያንኑ ከመጀመሪያው ይደግመዋል። በተከታታይ ድራማ ግን ሦስተኛ ቁስ ይጨመራል፥ እርሱም ዘመን ነው፤ የሚጫወተው ሰው ፍጻሜ አስቀድሞ አልተጻፈምና፥ ተዋናዩ ከገጸ ባሕርዩ ጋር አብሮ ያረጃል፥ ተመልካቹም ከሁለቱ ጋር አብሮ ያረጃል። በዚህ ሙያ ታላቅ ሊባል የሚገባው እንግዲህ አንዱን ትዕይንት አሳምሮ የሚጫወት ብቻ ሳይሆን፥ ዛሬ የሚናገረው ቃል ከአሥር ዓመት በፊት የተናገረውን የማያፈርስበት፥ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣውም ሳያውቀው መሠረት የሚጥል ነው። የወይዘሪት አሌግዛንደር ሥራ ይህን ነገር ከማውቃቸው ሁሉ አብልጦ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ድራማው ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ሶፕ ኦፔራ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ የተወለደው በአሜሪካ ራዲዮ ነው። አይርና ፊሊፕስ የምትባል ደራሲት በ1930 በቺካጎ ከተማ ደብሊው ጂ ኤን በተባለው ጣቢያ «ፔይንትድ ድሪምስ» የተሰኘውን የየዕለት ድራማ ጀመረች፤ ከዚያም በኋላ በቀን በቤቷ የምትውለውን ባለትዳር ጆሮ ለማግኘት የፈለጉት የሳሙና ፋብሪካዎች፥ ከሁሉም ይልቅ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፥ የዚህን ዓይነት ድራማ ወጪ እየቻሉ በመካከሉ ሸቀጣቸውን ያስተዋውቁ ጀመር። ገንዘቡ የሚገኘው አድማጩ በየቀኑ በመመለሱ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ እንዳያልቅ ሆኖ ተሠራ፤ አንዱ ጭንቀት ሲፈታ ሌላው አስቀድሞ ተጸንሶ መገኘት ነበረበት። ይህ የንግድ ምክንያት ነው፥ ክብርም የለውም ብለው ብዙ ሊቃውንት ንቀውታል፤ ነገር ግን ከዚህ የንግድ ምክንያት የተነሣ ፍጻሜ የሌለው ተውኔት፥ ቀድሞ በዓለም ያልነበረ የጥበብ ዓይነት፥ ተገኘ። «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ድራማ በ1937 በራዲዮ ተጀምሮ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፥ እስከ 2009ም ድረስ ቆየ፤ ይህም 72 ዓመት ነው።

በዚያው ወገን የሚቆጠረው «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» ኤፕሪል 2 ቀን 1956 ሲጀመር የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት ሄለን ዋግነር የተባሉት ተዋናይት ነበሩ፤ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ድራማው በቀጥታ ሲተላለፍ ዜና አቅራቢው ዋልተር ክሮንካይት ስርጭቱን አቋርጦ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን በጥይት መመታት ያስታወቀው ዋግነር በሚጫወቱበት ትዕይንት መካከል ነው። እኒህ ሴት በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ ተለይተው ከመመለሳቸው በቀር፥ ናንሲ ሂውዝ የተባለችውን እናት በሜይ 2010 እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ ተጫውተዋል፥ ድራማውም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር አከተመ። እንዲህ ያለ ዕድሜ የተሰጠው ተዋናይ ግን የሥራ ዋስትና ነበረው ማለት አይደለም፤ በአሜሪካ የዚህ ሥራ ውል በየ13 ሳምንቱ ሊቋረጥ የሚችል ሆኖ ስለሚጻፍ፥ ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየው ሰው እንኳ የቆየው ሦስት ሦስት ወር እየተቆጠረለት ነው።

እንግሊዝ ይህን ዓይነት ድራማ ስትቀበል በራሷ አምሳል ቀረጸችው። በማንቸስተር ከተማ ይገኝ የነበረው ግራናዳ ቴሌቪዥን ዲሴምበር 9 ቀን 1960 «ኮሮኔሽን ስትሪት»ን ሲያቀርብ፥ ደራሲው ቶኒ ዋረን ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ የጻፈውም ስለ ባለጠጎችና ስለ ሐኪሞች ሳይሆን በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ስለሚኖሩ ድሆች ሠራተኞች፥ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ስለ ተሠሩ የጡብ ቤቶች፥ በመንገዱ ዳር ስላለው «ሮቨርስ ሪተርን» ስለሚባለው መጠጥ ቤት ነበር። በመጀመሪያ የታዘዘው 13 ክፍል ብቻ ሲሆን፥ እነሆ ዛሬም ይተላለፋል፤ በመጀመሪያው ቀን ኬን ባርሎው ሆነው የታዩት ዊልያም ሮችም በአንድ ድራማ ረዥም ዘመን በማገልገል የዓለምን ክብረ ወሰን ይዘዋል። የዚህ ድራማ ፈጣሪዎች ያስተዋሉት ታላቅ ነገር የሠራተኛው ሕዝብ አነጋገር ራሱ ተውኔት መሆኑን ነው። የተዋንያኑም ምርጫ ይህንኑ ተከተለ፤ ከለንደን ስመ ጥር ሰዎችን ከማስመጣት ይልቅ በሰሜኑ ቴያትሮች ውስጥ ለዓመታት ተደብቀው የሠሩ፥ የአገሩን ለዛ ሳይማሩት የሚያውቁ ሰዎች ተሰበሰቡ።

ወይዘሪት አሌግዛንደር ከእነዚህ አንዷ ናቸው። በ1926 በሊቨርፑል ከተማ ተወለዱ፤ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆነው አገለገሉ፥ በ1949ም ይህን ሥራ ትተው በማክልስፊልድ ከተማ አዴልፊ ጊልድ ከሚባል ተዘዋዋሪ የቴያትር ማኅበር ጋር ተቀላቀሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ከአሥር የሚበልጡ ዓመታት፥ በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች በሚገኙ ትናንሽ ቴያትር ቤቶች፥ በመጨረሻም በዮርክ፥ ያለፉት ዓመታት፥ ከዝና አንጻር ባዶ ናቸው፤ ከሙያ አንጻር ግን ኋላ የመጣው ሁሉ ከእነርሱ የበቀለ ነው።

የእነዚያ ቴያትር ቤቶች ሥርዓት ዛሬ ለሚሰማው ሰው የሚያስጨንቅ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ይቀርብ ስለ ነበር፥ ተዋናዩ ማታ የዚህን ሳምንት ተውኔት እየተጫወተ፥ ጧት የሚመጣውን ሳምንት ይለማመዳል፥ ሌሊት ደግሞ ቃሉን ያጠናል። አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት በሰኞ የሰባ ዓመት አሮጊት፥ በሚቀጥለው ሰኞ የቤት ሠራተኛ፥ በሌላው ሰኞ የዳኛ ሚስት ትሆናለች፤ መድረኩን ማሰናዳትና ልብሱን መስፋትም ለብቻው የተመደበ ሰው ስለሌለው ከተዋንያኑ እጅ አይወጣም። በእንዲህ ያለው ቤት ተመስጦን የሚጠብቅ ሰው አይቆይም። የሚቆየው ጽሑፉን በፍጥነት አንብቦ የሰውየውን ነገረ ሥራ ከአንድ ምልክት የሚይዝ፥ እንዴት እንደሚቀመጥ፥ ሻይ እንዴት እንደሚጠጣ፥ ሲዋሽ ወዴት እንደሚመለከት ወዲያው የሚያውቅ ነው። በተጨማሪም የከተማው ሰው በየሳምንቱ ያንኑ ፊት ስለሚያይ፥ ተዋናይዋ ያለፈው ሳምንት ሴት ከዚህ ሳምንት ሴት ጋር እንዳትምታታ ተጠንቅቃ መለየት ነበረባት። ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ ሥራው ፈጣን፥ ልምምዱ አጭር፥ ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበር፥ ይህን ትምህርት የተማሩ ሰዎች ካሜራ ሳይፈሩ የሚሠሩ የተዘጋጁ ሠራተኞች ሆነው ተገኙ።

ወይዘሪት አሌግዛንደር በኮሮኔሽን ስትሪት መጀመሪያ የታዩት በ1962 በአንዲት ቤት አከራይ ሚና ነበር፤ አጭር ሚና ስለ ነበር ተመልካቹ ረሳው፥ ሠሪዎቹ ግን አልረሱም። በ1964 የድራማው አዘጋጆች በመንገዱ 13ኛ ቁጥር ቤት ኦግደን የሚባሉ ባልና ሚስት ለማስገባት ባሰቡ ጊዜ የሚስቲቱን ሚና፥ የሂልዳ ኦግደንን፥ ለእርሳቸው ሰጧቸው። በጽሑፉ ላይ የነበረው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ባልየው ሰነፍና ጠጪ፥ ሚስቲቱ ወሬኛና ነዝናዛ፥ ቤቱ ሁልጊዜ ዕዳ ያለበት። ይህ ለስድስት ወር ሣቅ የሚበቃ፥ ከዚያ በኋላ የሚሰለች ነገር ነው። ከስድስት ወር ወደ ሃያ ሦስት ዓመት ያሻገረው የተዋናይቷ ሥራ ነው።

ሂልዳን ሲቀርጹ መነሻ ያደረጉት በጦርነቱ ዘመን በሰሜኑ ከተሞች ያዩአቸውን የፋብሪካ ሴቶች ነው። እነዚህ ሴቶች ጠጕራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው፥ ከላዩ ሻሽ አስረው ሥራ ይውሉ ነበር፤ ምክንያቱም ከሥራ በኋላ ማታ ወደ ጭፈራ የሚጋብዝ ሰው ቢመጣ ጠጕሩ ተዘጋጅቶ እንዲገኝ ነው። ወይዘሪት አሌግዛንደር ይህን ተስፋ ወስደው በሂልዳ ራስ ላይ አኖሩት። ዓመት ዓመትን ይተካል፥ ሂልዳ ትጠራበታለች ብላ የምታስበው ግብዣ አይመጣም፥ ቢጎዲኑ ግን ከራሷ አይወርድም። ተመልካቹ ይህን ምክንያት በቃል ሲነገረው አይሰማም፤ አይቶ ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ክፋት የሌለበት የሆነው ከሥሩ ያለውን ተስፋ ሳያውቀው ስለሚገነዘበው ነው። አበባ የታተመበት ሽርጥ፥ ወለል ስትወለውል የምታሰማው ከዜማ የወጣ ከፍተኛ ዘፈን፥ ከአፏ ጥግ የሚንጠለጠለው ሲጋራ፥ ሁሉም በዚሁ መንገድ ተመርጠው የተገጠሙ ናቸው እንጂ እንደ ጌጥ የተለጠፉ አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚደነቀው ለሂልዳ የሰጧት ክብረ ነፍስ ነው። ሂልዳ የሮቨርስ ሪተርን ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ የመጠጥ ቤቱ እመቤት አኒ ዎከር፥ ዶሪስ ስፒድ የተጫወቷት ኩሩ ሴት፥ ይህችን ሠራተኛ ከበታችነቷ ወሰን እንዳትወጣ በቃልም በቅንድብም ያስታውሷት ነበር። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ወይ ሂልዳን አዋርዳ የሕዝብን ሐዘኔታ ትለምንባት፥ ወይም አስቆጥታ የአመፅ ቃል ታናግራት ነበር። ወይዘሪት አሌግዛንደር ሁለቱንም አላደረጉም፤ ሂልዳ ስትሰደብ ለአንድ አፍታ አገጯን ቀና ታደርጋለች፥ ባልዲዋን ታነሣለች፥ በሚቀጥለው ቀንም ወሬ ይዛ ትመለሳለች። ራሷን ከማንም በታች አድርጋ ስለማታይ ስድቡ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቤቷንም የምታየው እንዲሁ ነው፤ በግድግዳዋ ላይ የተለጠፈው የተራራ ሥዕልና ከሥዕሉ ፊት የተሰቀሉት ሦስት የሚበሩ ዳክዬዎች፥ መካከለኛይቱ ሁልጊዜ አዘቅዝቃ የምትታየው፥ ለጎረቤት መሣቂያ ሲሆኑ ለእርሷ የቤቷ ሞገስ ናቸው። ድህነትን የሚያሳይ ተውኔት ብዙ አለ፤ ድኻው ራሱን እንደ ድኻ ሳይሆን እንደ ሰው ሲመለከት የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው፥ ይህንም ያደረጉት በሣቅ ድራማ ውስጥ ሆነው መሆኑ ዋጋውን ያበዛዋል።

ባሏን ስታን ኦግደንን የተጫወቱት በርናርድ ዩንስ ቀድሞ በዚያው በግራናዳ የፕሮግራም አስተዋዋቂ የነበሩ፥ ድምፃቸው የተገራ፥ አነጋገራቸው የተማረ ሰው ነበሩ፤ ስታን ግን ከወንበር ለመነሣት የሚከብደው፥ መኪና መንዳቱን ትቶ መስኮት ወልዋይ የሆነ፥ ከመስኮቱም ይልቅ መጠጥ ቤቱን የሚያዘወትር ሰው ነው። እርሷ ትናገራለች፥ እሱ ዝም ይላል፤ የጥንዶቹ ጥበብ ያለው በዚህ ሚዛን ላይ ነው። ዩንስ ዝምታን መሙላት የሚያውቁ ተዋናይ ስለ ነበሩ፥ ወይዘሪት አሌግዛንደር ቃሉን ሁሉ ሲያዥጎደጉዱት ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኝ ነበር። ይህ ጋብቻ በመነታረክ የተሞላ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ከድራማው ጋብቻዎች ሁሉ የጸና ነው ብሎ ያመነው፥ ሁለቱ ተዋንያን እየተነታረኩ ሳሉ እንኳ አንዱ ሌላውን በአካል የሚያውቅ መሆኑን፥ ጽዋ ሳይጠየቅ የሚያቀብል፥ ኮት ሳይታይ የሚቀበል መሆኑን ስላሳዩ ነው።

እዚህ ላይ የዚህን ሙያ ውስጣዊ ሥርዓት ማስረዳት ይገባል። የኮሮኔሽን ስትሪት ክፍሎች በዚያ ዘመን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይተላለፉ ነበር፤ ተዋንያኑ በሳምንቱ መጀመሪያ ጽሑፉን ይዘው ይለማመዳሉ፥ በሳምንቱ መጨረሻ በስቱዲዮ ይቀረጻሉ፥ የቪዲዮ ቴፕ መቁረጥና መቀጠል አስቸጋሪ ስለ ነበር ቀረጻው ከቀጥታ ስርጭት ብዙም የማይለይ ያለ ማቋረጥ የሚሄድ ነበር። ጽሑፉን የሚጽፈው አንድ ሰው አይደለም፤ ደራስያን በቡድን ይመካከራሉ፥ አንዱ ክፍል በአንዱ፥ ሌላው በሌላው ይጻፋል፤ ኋላ በእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተውኔት ዝነኛ የሆነው ጃክ ሮዘንታልም ሙያውን ካዳበረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ደራሲ ይመጣል፥ ደራሲ ይሄዳል፤ አዘጋጅ ይለወጣል፤ ከ1964 እስከ 1987 በሂልዳ ውስጥ ሳይለወጥ የቆየው አንድ ተዋናይት ብቻ ነው። እንግዲህ የገጸ ባሕርይዋ ዝክር ጠባቂ ማን ነው ቢባል፥ ጽሑፉ ሳይሆን ተዋናይቷ ናት። አዲስ ደራሲ ሂልዳ የማትለውን ቃል ቢጽፍ፥ ቃሉን ሳይለውጡ በአነጋገር ወደ ሂልዳ መመለስ፥ አስፈላጊም ሲሆን ይህን ሂልዳ አታደርገውም ብሎ መናገር የተዋናይ ድርሻ ይሆናል። ስለዚህ በተከታታይ ድራማ የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ከፊሉ ደራሲ ነው ማለት ማጋነን አይደለም፤ ደራስያኑም ተዋናይቷ ያሳየችውን እያዩ ለሚቀጥለው ይጽፋሉና።

የዚህ ተዋናይ ቦታ በማኅሌት ላይ እንደሚቆም መዘምር ነው ብል የሚቀርበኝ ይመስለኛል፤ መሪውን ሁሉ ያውቀዋል፥ ነገር ግን በሌሊቱ ርዝመት ዜማውን የሚሸከመው፥ ከመሪው በኋላ ተቀብሎ የሚያነሣው፥ ጸናጽሉን ከመቋሚያው ጋር አስማምቶ የሚይዘው መዘምሩ ነው፥ እሱ ቢሳሳት ማኅሌቱ ሁሉ ይሰበራልና።

ሕዝቡ ለዚህ አገልግሎት የከፈለው ፍቅር የሚያስገርም ነበር። በ1979 «የሂልዳ ኦግደን የብሪታንያ ማኅበር» የሚል ስም ያለው የወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ፤ ከአባላቱ መካከል የንግሥቲቱ ባለቅኔ ሰር ጆን ቤትጅማንና የመድረኩ ታላቅ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪዬ ነበሩበት። በ1982 በተደረገ አንድ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ሂልዳ ኦግደን በአገሪቱ በመታወቅ ከንግሥት ኤልሳቤጥ፥ ከንግሥቲቱ እናትና ከልዕልት ዳያና ቀጥላ አራተኛ ሴት ሆና ተገኘች። ይህን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ በደምና በጋብቻ ከዙፋን የተወለዱ ወይም ዙፋን የተጠጉ ናቸው፥ አራተኛዋ በእውን የሌለች የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከተዋናይቷ ስም ይልቅ የገጸ ባሕርይዋ ስም መታወቁ ለብዙ ተዋንያን ሐዘን ነው፤ ወይዘሪት አሌግዛንደር ግን ከልብሱና ከቢጎዲኑ ሲወጡ ማንም ሳያውቃቸው በመንገድ የሚሄዱ፥ ሳያገቡ በሳውዝፖርት ከተማ በጸጥታ የሚኖሩ፥ ስለ ራሳቸው ማውራት የማይወዱ ሴት ነበሩ። ዝናውን ሂልዳ ተሸክማ እርሳቸውን ነጻ ያወጣቻቸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ 1984 እንመጣለን፥ የምዕራፉም ፍሬ ነገር እዚህ ነው። በርናርድ ዩንስ በ1975 የስትሮክ ሕመም ይዟቸው ንግግር ከብዷቸው ነበር፤ እንደ ገና ለመናገር ተምረው ሥራቸውን ቢቀጥሉም ጤናቸው እየደከመ ሄደ፥ በኦገስት 1984ም አረፉ። በተከታታይ ድራማ የተዋናይ ሥጋ መድከም እንደ ሌላው ተውኔት በምትክ ሰው አይሸፈንም፤ ሕዝቡ ያን ፊት ለሃያ ዓመት ያውቀዋል። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የጋይዲንግ ላይት ተዋናይት ቻሪታ ባወር፥ ከ1950 ጀምረው በርት ባወር የተባለችውን ሴት የተጫወቱት፥ በሕመም ምክንያት እግራቸው ሲቈረጥ፥ የድራማው ደራስያን በርትም እንዲሁ እግሯን እንድታጣ አድርገው ጻፉ፥ ባወርም የራሳቸውን መከራ በሚና ውስጥ አድርገው በሕዝብ ፊት ተጫወቱት። ባወር በ1985 ሞቱ። የኮሮኔሽን ስትሪት ሰዎች ደግሞ ዩንስ ሲሞቱ ስታንም በድራማው ውስጥ እንዲሞት ወሰኑ፤ ስለዚህ በኖቬምበር 1984 ወይዘሪት አሌግዛንደር ሃያ ዓመት አብረው የሠሩትን ባልደረባ በእውነት ከቀበሩ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በካሜራ ፊት ባሏን የቀበረች ሚስት ሆነው መጫወት ግድ ሆነባቸው።

በታሪኩ ሂልዳ በቀብሩ ሁሉ ራሷን ይዛ ትውላለች፤ ሰው ይመጣል፥ ሰው ይሄዳል፥ እርሷ ለሁሉም ሻይ ታዘጋጃለች፥ ቃል አይጠፋባትም። በመጨረሻ ብቻዋን ስትቀር በጠረጴዛው ላይ ከሆስፒታል የመጣው የስታን ዕቃ ጥቅል አለ። ጥቅሉን ትፈታዋለች፥ ከውስጡ የመነጽሩን ማኅደር ታወጣለች፥ ታየዋለች፥ ያን ጊዜም የያዘችው ሁሉ ይለቃታል፥ ታለቅሳለች። ከዚህ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ኮሮኔሽን ስትሪት በትዕይንት መካከል ማጀቢያ ሙዚቃ የማያስገባ ድራማ ስለ ሆነ ሐዘኑን የሚያግዝ ዜማ የለም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አፏን ያልዘጋችው ሴት ቃል የላትም።

ይህን ትዕይንት ኮሮኔሽን ስትሪትን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ብናሳየው የሚያየው አንዲት አረጋዊት ሴት መነጽር ይዛ ስታለቅስ ነው፤ ይራራ ይሆናል፥ ነገር ግን አይረዳውም። ለሚያውቀው ግን በዚያች ማኅደር ውስጥ የሃያ ዓመት ንትርክ ሁሉ አለበት፤ ዕቃ ሲጠፋበት የምትፈልግለት፥ ስሙን እየጠራች የምትጮህበት፥ ሰነፍ ያለችው፥ ያለ እርሱ ግን መኖር የማታውቅበት ሰው በዚያ አለ። ተዋናይቷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያወጡት ሃያ ዓመት ሲያስቀምጡ የነበረውን ነው፤ በ1964 ሂልዳ ስታንን በተቆጣች ቁጥር ለ1984 ገንዘብ እያኖረች ነበር፥ ይህን ግን በዚያን ጊዜ እርሳቸውም ደራስያኑም አያውቁም። ልቅሶውንም አላበዙትም፤ በስስት የተሰጠ ልቅሶ ነው፥ ገጸ ባሕርይዋ ሐዘኗን ለማንም ለማሳየት የማትፈቅድ ሴት ናትና፥ ተመልካቹ ያየው እንዳያይ የተከለከለውን ነው። የመድረክ ታላላቅ ተዋንያን ብዙ የሐዘን ትዕይንቶችን በታላቅ ግጥም ታግዘው ተጫውተዋል፤ ከጥበብ ደረጃ አንጻር ይህኛው ከእነዚያ አያንስም ብዬ በሙሉ ልቤ እመሰክራለሁ። የሮያል ቴሌቪዥን ማኅበርም በ1985 ለወይዘሪት አሌግዛንደር የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ሲሰጣቸው ይህን የተቀበለ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ብቻ ቆዩ። ስታን ከሌለ ሂልዳ የምትነታረከው አየርን ነበር፤ ደራስያኑ የሚያደርጉት ነገር አላጡም፥ ሚዛኑ ግን ተሰብሯል። በ1987 ወይዘሪት አሌግዛንደር ለመሰናበት ወሰኑ፥ ሂልዳም በታሪኩ ቤቱን ታጸዳለት ለነበረ ሐኪም የቤት አስተዳዳሪ ሆና ወደ ደርቢሺር ልትሄድ ተነሣች። መሰናበቻው በ1987 የገና ዕለት ሲተላለፍ፥ ከዳግም ስርጭቱ ጋር ተደምሮ ወደ 27 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አየው፤ በድራማው ታሪክ እጅግ ብዙ ሕዝብ ካያቸው ክፍሎች አንዱ ነው። የሂልዳ ስንብት ደስታ የበዛበት መሆኑን አደንቃለሁ፤ በሞት ወይም በውርደት ሳይሆን፥ ሁልጊዜ ስትጠብቀው የነበረው ግብዣ በመጨረሻ መጥቶላት በጎረቤቶቿ መካከል እየዘፈነች ሄደች።

የዚህ ሙያ ታላቁ ፍርሃት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አንዲትን ሴት የተጫወተ ሰው ሌላ ሰው መሆን ይችላልን? ብዙዎች አልቻሉም፤ አምራቾች ስለማይጠሯቸው፥ ተመልካቹም በአዲሱ ፊት የቀድሞውን ስለሚፈልግ፥ ከድራማው ከወጡ በኋላ ሥራቸው የተቋረጠ ተዋንያን ቍጥራቸው ቀላል አይደለም። ወይዘሪት አሌግዛንደር ግን በ61 ዓመታቸው ወደ ዮርክ ዘመን ትምህርታቸው ተመለሱ። በ1989 በወጣው «ስካንዳል» በተባለው ፊልም ክርስቲን ኪለር የተባለችው ባለታሪክ እናት ሆነው ተጫወቱ፤ ከዚያ ቀደም በ1988 በቢቢሲ የሣቅ ድራማ በ«ላስት ኦፍ ዘ ሰመር ዋይን» ውስጥ እማማ ዌይንራይት የምትባል የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ሆነው ቀርበው ነበር። ይህ ድራማ በዮርክሺር በሆልምፈርዝ ከተማ ይቀረጽ የነበረ፥ ሮይ ክላርክ ለብቻው የጻፈው፥ ስለ ሽማግሌዎች ሕይወት የሚናገር ነው። እማማ ዌይንራይት ከሂልዳ ጋር በምንም አትመሳሰልም፤ ሂልዳ ያላትን ሁሉ ታውቀዋለች፥ ይህችኛዋ የሌላትን ሁሉ ትሸጣለች፤ ሂልዳ ስትናገር ትቸኩላለች፥ ይህችኛዋ ደንበኛው ከሱቁ በር ሳይወጣ ልብሱን እንኳ ልትሸጥለት ቀስ ብላ ትዞረዋለች። ድምፁ ሌላ፥ አካሄዱ ሌላ፥ ዓይኑም ሌላ ነው። ያው ሕዝብ፥ ሂልዳን እንደ ዘመዱ የሚያውቀው ሕዝብ፥ ይህችን አዲስ ሴት ያለ ማጉረምረም ተቀበላት፤ በአዴልፊ ጊልድና በዮርክ በየሳምንቱ አንዱን ሰው ከሌላው ለይቶ ማሳየት የተማሩት ጥበብ ከአርባ ዓመት በኋላ ይህን ፍሬ ሰጠ።

ሄለን ዋግነር በአንዱ ሚና እስከ ሞት ጸኑ፥ ወይዘሪት አሌግዛንደር ሚናው ሲሞላ ትተውት ሄዱ፤ ሁለቱም በዚህ ሙያ የሚከበሩ መንገዶች ናቸው፥ እኔ ግን ሁለተኛው የበለጠ ድፍረት እንደሚጠይቅ እቈጥራለሁ፥ የተወደደውን ነገር በሙሉ ፍቅር ሳለ መተው ከባድ ነውና። በ2005 «ቲቪ ታይምስ» የተባለው መጽሔት አንባቢዎች ከተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ታላቋ ሂልዳ ኦግደን ናት ብለው ሲመርጡ፥ ሂልዳ ከመንገዷ ከሄደች 18 ዓመት ሆኗት ነበር፥ ተዋናይቷም በዚያው ጊዜ በዮርክሺር አሮጌ ዕቃ ይሸጡ ነበር። «ላስት ኦፍ ዘ ሰመር ዋይን» በ2010 ሲያበቃ 84ኛ ዓመታቸውን የሚያሟሉበት ዓመት ነበር፤ በኦክቶበር 2016 በሳውዝፖርት በ90 ዓመታቸው አረፉ።